በካያክ በሱፐሪየር ሐይቅ ዳርቻ፦ አጌት ለመፈለግ፣ የሰመጡ መርከቦችን ለማየት

ከሚኒያፖሊስ ተነስቶ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ወደ ሰሜን የነዳ ሰው ዱሉዝ ይደርሳል፤ ሱፐሪየር ሐይቅም ፊቱ ላይ ይዘረጋል። በሚኒሶታ የምንኖር ሐበሾች ብዙዎቻችን ይህን መንገድ እናውቀዋለን። በሰመር ቅዳሜ ልጆች ይዘን ሄደን፣ ድልድዩ ከፍ ሲልና ግዙፉ መርከብ ከሥሩ ሲያልፍ አይተን፣ ምሳ በልተን እንመለሳለን። ይህ መመሪያ ከዚያ አልፎ መሄድ ለሚፈልግ አንባቢ ነው። ከዱሉዝ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሀይዌይ 61ን ይዞ የሚሄደው ዳርቻ ከምድር ሆነው ሲያዩት ያምራል፤ ከውሃው ላይ ሆነው ሲያዩት ግን ሌላ አገር ነው። ከካያክዎ ጎን ቁልቁል ሲያዩ ከመቶ ዓመት በፊት የሰመጠ መርከብ ብረት ወይም እንጨት ይታይዎታል። ጠጠር ወደሞላበት ባሕረ ወሽመጥ ሲወጡ ደግሞ 1.1 ቢሊዮን ዓመት በኖረ ላቫ ውስጥ የተፈጠረ አጌት የሚባል የከበረ ድንጋይ እግርዎ ሥር ሊያገኙ ይችላሉ።

አስቀድመው የሐይቁን ልክ ይወቁ። ሱፐሪየር ወደ 82,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ በስፋቱ ከዓለም የጨዋማ ያልሆነ ውሃ ሐይቆች ሁሉ የሚበልጠው የለም። ጣናችን ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ጣና ጥልቅ በሚባልበት ቦታ 15 ሜትር ቢደርስ ነው፤ ሱፐሪየር 406 ሜትር ይወርዳል። በባሕር ዳር ዙሪያ በታንኳ የሄደ ሰው ውሃው አጠገብ ዝቅ ብሎ መቀመጥን ያውቀዋል፤ ካያክ ላይም የሚሰማው እሱው ነው። ነገር ግን ታንኳ ደንገል ነው፤ ውሃ ቢወጣበትም ደንገሉ ራሱ ይንሳፈፋል። ካያክ ባዶ ቀፎ ነው፤ ውሃ ከሞላ አይታዘዝም። የጣናን ልማድ ይዞ እዚህ ሐይቅ ላይ መውጣት አይቻልም።

ከሚከተለው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ፦ የዚህ ጉዞ ዋናው ሥራ ቀን መምረጥ ነው። መቅዘፍ በአንድ ቅዳሜ ይለመዳል፤ መሣሪያውም በኪራይ ይገኛል። ሐይቁ መርከቦቹን የሚያሳየው ግን ጸጥ ባለ ጊዜ ብቻ ነው። ለመቅዘፍ የማይበጅ ቀን ለማየትም አይበጅም፤ ስለዚህ በመጥፎ ቀን መውጣት ምንም ትርፍ የለውም።

ከመውጣትዎ በፊት

ዋና ይወቁ። ይህን የምለው ብዙዎቻችን በደጋ ስላደግን፣ ወንዝና ሐይቅን በሩቁ ስላየን ነው። የሕይወት አድን ሰደርያ የዋና ችሎታን አይተካም። የማይዋኝ ሰው መጀመሪያ በሚኖርበት ከተማ የመዋኛ ገንዳ ትምህርት ይውሰድ፤ ለአዋቂ ጀማሪ የሚሰጡ ክፍሎች በየቦታው አሉ። አንድ ክረምት ቢወስድብዎ ሐይቁ የትም አይሄድም።

ጀልባው አጭሩ፣ ሰፊውና ርካሹ የመዝናኛ ካያክ መሆን የለበትም። ያ ለከተማ ኩሬ ነው። ለሱፐሪየር የሚያስፈልገው ረጅሙ የባሕር ካያክ ነው፤ ቢያንስ 14 ጫማ፣ ቢቻል 16። ልዩነቱ ርዝመቱ ብቻ አይደለም። የባሕር ካያክ ከፊትና ከኋላ ውሃ የማያስገቡ የታሸጉ ክፍሎች አሉት፤ ቢገለበጥም በእነዚያ ክፍሎች ባለው አየር ይንሳፈፋል። መቀመጫው ዙሪያ የሚጠመደው፣ ወገብ ላይ የሚታሰረው መሸፈኛም ሞገድ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። ከ10 ጫማ የሚረዝም የግል ካያክ በሚኒሶታ መመዝገብ አለበት፤ ከአስጎብኚ የሚከራዩ ከሆነ ይህ የእነሱ ሥራ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጡ ከሆነ ተከራይተው፣ ከአስጎብኚ ጋር ይውጡ። ገንዘቡ ለጀልባው ብቻ አይደለም፤ ዳርቻውን የሚያውቅ ዓይን አብሮ ይከራያሉ።

ልብስ ሲመርጡ ቴርሞሜትሩን ውሃው ውስጥ ይክተቱ። አየሩ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት የጁላይ ቀን ውሃው 8 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለማስታወስ የቀዝቃዛ ውሃ ባለሙያዎች 1፣ 10፣ 1 የሚል ቁጥር ያስተምራሉ። የመጀመሪያው 1 ደቂቃ የትንፋሽ ነው፤ ብርዱ ድንገት ቁና ቁና ያስተነፍሳል፣ ያን ጊዜ ራስን አረጋግቶ አፍን ከውሃ በላይ መያዝ ብቻ ነው ሥራው። ቀጥሎ ያሉት 10 ደቂቃዎች እጅና እግር የሚታዘዙበት ጊዜ ናቸው፤ ወደ ጀልባው መመለስ ያለብዎት በእነሱ ውስጥ ነው። ሰውነት ቀዝቅዞ ራስን እስከመሳት የሚደርሰው ግን ከ1 ሰዓት ያህል በኋላ ነው። ብዙ ሰው የሚሰጥመው ይህ ሰዓት ሳይደርስ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ ሰደርያ ስላልለበሰ ነው። ስለዚህ ሰደርያው ከጀልባው ኋላ ታስሮ ሳይሆን ደረትዎ ላይ ተቆልፎ ይሁን፤ ፊሽካም ይንጠልጠልበት። ከሥሩ ዌትሱት ይልበሱ፤ በሜይና በጁን የሚወጡ ከሆነ ድራይሱት። ጥጥ አይልበሱ፤ ከረጠበ ሙቀትዎን ይወስዳል።

ከዚያ የመገልበጥ ልምምድ ያድርጉ። ሞቅ ባለ ትንሽ ሐይቅ፣ ውሃው እስከ ደረት በሆነበት ቦታ፣ ካያኩን ሆን ብለው ይገልብጡ፤ የመቀመጫውን መሸፈኛ ከፊት ባለው ማንጠልጠያ ስበው ይውጡ፤ ከዚያ በጓደኛዎ ጀልባ ተደግፈው ተመልሰው ይግቡ። ከባድ የሚሆነው የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ሳይደክሙ ደጋግመው መግባት እስኪችሉ ድረስ ወደ ሱፐሪየር አይሂዱ። ብቻዎን ደግሞ በፍጹም አይውጡ።

ቀኑን መምረጥ

ይህ ዳርቻ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዘረጋል። ሐይቁም በዚያው አቅጣጫ 560 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከዚህ በመነሳት የንፋሱን ጠባይ ማወቅ ይቻላል። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነሳ ንፋስ የሐይቁን ርዝመት ሁሉ እየገፋ ስለሚመጣ ሞገዱ ሚኒሶታ ሲደርስ አድጎ፣ ከብዶ ነው። ትንበያው ሰሜን ምሥራቅ ካለ፣ ንፋሱ ቀላል ቢመስልም እንኳ፣ ጉዞውን ለሌላ ቀን ያስተላልፉ። ንፋሱ ካቆመ በኋላም ሞገዱ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ሳይበርድ ይቆያል።

ይበልጥ የሚያታልለው የሰሜን ምዕራቡ ንፋስ ነው። ከኋላዎ፣ ከኮረብታው በኩል ይነፍሳል፤ ስለዚህ ዳርቻው አጠገብ ውሃው ለጥ ያለ ይመስላል። መቶ ሜትር ርቀው ሲሄዱ ግን ንፋሱ ኮረብታውን አልፎ ያገኝዎታል፤ ወደ ሐይቁ መሐልም ይገፋዎታል። በዚያ ላይ ይህ ንፋስ የሞቀውን የላይኛውን ውሃ ከዳርቻው ገፍቶ ያርቀዋል፤ በምትኩ ከታች ቀዝቃዛው ይወጣል። ትናንት ልጆች ሲንቦራጨቁበት የነበረ ዳርቻ ዛሬ እግር የማያስነካ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ጸሐይ የወጣበት፣ ሰማዩ የጠራ፣ ከዳር ሲያዩት ጸጥ ያለ ቀን ሁሉ ጥሩ ቀን አይደለም። የንፋሱን አቅጣጫ ሳያዩ ካያክ ከመኪና አያውርዱ።

በጁንና በጁላይ መጀመሪያ ጭጋግ ይጠብቁ። ሞቃት አየር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲያርፍ ይፈጠራል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዳርቻውን ሊሰውር ይችላል። ኮምፓስ አንገትዎ ላይ ይኑር፤ ስልክ ውሃ በማያስገባ ከረጢት። ነጎድጓድ ከሰሙ አቅራቢያዎ ባለው ጠጠር ላይ ይውጡ።

ትንበያውን ከአጠቃላይ የአየር ሁኔታ አፕ አይውሰዱ። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት የዱሉዝ ቢሮ ለዳርቻው ውሃ ብቻ የተለየ የባሕር ትንበያ ያወጣል፤ የንፋስ አቅጣጫ፣ ፍጥነትና የሞገድ ከፍታ በጫማ ይነገርበታል። ለዚህ ጉዞ የሚፈለገው ንፋሱ ቀላል፣ ሞገዱም ከአንድ ጫማ በታች የሆነበት ቀን ነው። እኔ ሁለት ጫማ የሚል ትንበያ ካየሁ ለመቅዘፍ ብችል እንኳ አልወጣም፤ ምክንያቱም ውሃው ከተናወጠ የመርከቡን ቅርጽ ማየት አይቻልም። ተስማሚዎቹ ሳምንታት ከጁላይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ያሉት ናቸው። ኖቬምበርን ለመርከብ ታሪክ ይተዉት። 29 ሰዎችን ይዞ የሰመጠው ኤድመንድ ፊትዝጄራልድ ከዱሉዝ ማዶ ካለችው ከሱፐሪየር ከተማ የተነሳው ኖቬምበር 9 ቀን 1975 ነበር፤ በማግስቱ ጠፋ።

ብርሃኑና ሰዓቱ

ድንጋይ ፍለጋና መርከብ ማየት የተለያየ ብርሃን ይፈልጋሉ። አጌት ብርሃን ያሳልፋል። ጸሐይ ዝቅ ብላ፣ ጠዋት በማለዳ ወይም ወደ ማታ፣ ፊትዎን ወደ እሷ አድርገው ሲሄዱ ከሌሎቹ ድንጋዮች መሐል ውስጡ እንደበራ ሆኖ ይታያል። የሰመጠ መርከብ ግን ጸሐይ ከፍ እንድትል ይፈልጋል፤ ዝቅ ያለ ብርሃን ከውሃው ላይ ተንጸባርቆ ዓይን ያጥበረብራል። እንዲህ ከሆነ መርከቡን እኩለ ቀን ላይ ማየት የሚሻል ይመስላል። ነገር ግን ምድሩ ሲሞቅ፣ ቀትር ገደማ፣ ከሐይቁ ወደ ዳርቻው የሚነፍስ ንፋስ ይነሳና ውሃውን ይሸበሽበዋል።

እኔ የማምንበት መፍትሔ ይህ ነው። ጎህ ሲቀድ ውሃው ላይ ይሁኑ። የመጀመሪያውን ሰዓት ተኩል ዳር ዳሩን እየቀዘፉ፣ ጠጠር ባለበት እየወጡ ለድንጋይ ይስጡት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ መርከቡ ላይ ይድረሱ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ወደ መኪናዎ ይመለሱ። የቀረውን ድንጋይ ማታ፣ ካያኩ መኪናው ላይ ታስሮ፣ በእግርዎ ይፈልጉታል።

መጀመሪያ አጌት ቤይ

ከዱሉዝ 43 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቱ ሃርበርስ ለመጀመሪያው ቀን ትመቻለች። ከሁለቱ ወደቦቿ አንዱ አጌት ቤይ ይባላል፤ የጀልባ ማስገቢያ አለው፣ በሞገድ መከላከያ ግንብም የተከለለ ነው። በዚሁ ወደብ ውስጥ፣ በምዕራቡ ግንብ ጎን፣ ሳሙኤል ፒ. ኢሊ የተባለች የእንጨት ባለ ሸራ መርከብ ተኝታለች። በ1869 በዲትሮይት የተሠራች፣ 61 ሜትር ያህል የምትረዝም ናት። በኦክቶበር 1896 ሄስፐር በምትባል የእንፋሎት መርከብ እየተጎተተች ስትገባ ማዕበል ነጥቆ ከግንቡ ጋር አጋጫት፤ እዚያው ሰመጠች። ጎታቿ ሄስፐርም በ1905 በዚሁ ዳርቻ፣ ዛሬ ሲልቨር ቤይ በሚባለው ቦታ፣ አለት መትታ ተሰባበረች።

ኢሊ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗት ቅርጿን አለቀቀችም። ሐይቁ ቀዝቃዛ ነው፤ ጨው የለውም፤ በባሕር ውስጥ የመርከብ እንጨት የሚበላው ትልም እዚህ አይኖርም። ጎኖቿ ወደ ውጭ እንዳይወድቁም ጠላቂ በጎ ፈቃደኞች በብረት ዘንጎች አስረዋቸዋል። የተኛችበት ወለል 10 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው፤ የላይኛው አካሏ ግን ወደ ገጹ ቀረብ ይላል።

እንዴት እንደሚያዩ ልንገርዎ። ፖላራይዝድ የጸሐይ መነጽር ያድርጉ፤ ያለ እሱ ግማሹ ይቀርብዎታል። ንፋሱ ከሚመጣበት በኩል አልፈው ይሂዱና መቅዘፍ ያቁሙ፤ ንፋሱ ራሱ ቀስ አድርጎ በላይዋ ያሳልፍዎታል። መቅዘፊያዎን አግድም ውሃው ላይ ያሳርፉት። ጸሐይዋ ከጀርባዎ ትሁን፤ የራስዎ ጥላ የወደቀበትን ቦታ ይመልከቱ፣ ነጸብራቅ የሌለው እዚያ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው፤ አይቸኩሉ። ዓይን ጥልቀቱን ሲለምድ ጥላው ወደ ቀጥተኛ መስመሮች ይለወጣል። ተፈጥሮ ሐይቅ ወለል ላይ ቀጥ ያለ መስመርና እኩል ክፍተት እምብዛም አትሠራም፤ እነዚህን ካዩ የሰው እጅ የሠራውን አግኝተዋል። ታቹ ብርጭቆ የሆነ የውሃ መመልከቻ ባልዲ ያለው ሰው አብሮዎት ካለ የበለጠ ያያል፤ እሱ ሲያጎነብስ እርስዎ ካያክዎን ከጎኑ አስጠግተው ጀልባውን ይያዙለት።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ አጌት ቤይ የሚሠራበት ወደብ ነው። 300 ሜትር የሚደርሱ የብረት ማዕድን ጫኝ መርከቦች ይገቡበታል። ካፒቴኑ አያይዎትም፤ ቢያይም ማቆም አይችልም። ከግንቡ ጎን አይለዩ፣ የመግቢያውን አፍ አያቋርጡ፣ መርከብ እየመጣ ከሆነ ወጥተው ይጠብቁ።

ድንጋዩን ማወቅ

አጌት የተፈጠረው ይህ አካባቢ እሳተ ገሞራ በነበረበት ዘመን ነው። ላቫው ሲቀዘቅዝ ውስጡ የቀሩትን የጋዝ ቀዳዳዎች ሲሊካ ያዘለ ውሃ ሽፋን በሽፋን ሞላቸው። ቀለበቶቹ የመጡት ከዚህ ነው። ቀዩንና ብርቱካናማውን ቀለም የሰጠው ብረት ነው። ኋላ የበረዶ ግግር መጥቶ አለቱን ፈጭቶ አጌቱን በተነው፤ ሞገድ ደግሞ ያጥበዋል። ሚኒሶታ በ1969 አጌትን የግዛቷ ይፋዊ የከበረ ድንጋይ አድርጋ መርጣዋለች።

ጀማሪ የሚሳሳተው ትልልቅ ድንጋይ ባለበት በመፈለጉ ነው። ከአተር እስከ እንቁላል የሚያህል የተደባለቀ ጠጠር ይፈልጉ፤ አብዛኛው አጌት የጥፍር ያህል ነው። የረጠበውን መስመር፣ ሞገዱ ደርሶ የሚመለስበትን፣ ቀስ ብለው ይሂዱበት። ድንጋይ ሲደርቅ ሁሉም አመድ ይመስላል። ከማዕበል ማግስት ጠጠሩ ተገላብጦ አዲስ ስለሚወጣ የበለጠ ይገኛል።

ቀይ ሁሉ አጌት አይደለም። ጃስፐር ቀይ ነው ግን ብርሃን አያሳልፍም። ሮዝ የሆነው ራዮላይት ነው። ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ነጠብጣቦቹ የሞሉ የጋዝ ቀዳዳዎች ናቸው። እርግጠኛ ካልሆኑ ድንጋዩን አርጥበው ወደ ጸሐይ ያንሡት፤ ጠርዙ ላይ ብርሃን ከገባና ቀጫጭን መስመሮች ከታዩ አጌት ነው። ሰም የተቀባ የሚመስል ልስላሴም አለው።

በዚህ ዳርቻ ድንጋይ መለየት ያቃተው ጀማሪ ብቻ እንዳይመስልዎ። በ1902 በዚሁ በቱ ሃርበርስ ጥቂት ሰዎች ለመሞረጃ የሚሆን ኮረንደም አግኝተናል ብለው የማዕድን ኩባንያ አቋቋሙ። ድንጋዩ ሲመረመር ለስላሳ የሆነው አኖርቶሳይት ሆኖ ተገኘ። ኩባንያው ማዕድኑን ትቶ የብርጭቆ ወረቀት ወደ መሥራት ዞረ፤ ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሴንት ፖል አካባቢ ያለው 3ኤም ነው።

ማንሳት የሚቻለው የት ነው? ይህን ሳያውቁ አንድም ጠጠር ኪስዎ አይክተቱ። በጉዝቤሪ ፎልስ፣ በስፕሊት ሮክና በሌሎቹ የግዛቱ ፓርኮች ማየት እንጂ መውሰድ ክልክል ነው። ከዳርቻው ብዙው የግል ይዞታ ነው፤ ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ አይውጡበት። በከተሞቹ የሕዝብ ዳርቻዎች ሲሆን የተለጠፈውን ደንብ ያንብቡ ወይም ማዘጋጃ ቤቱን ይጠይቁ። የተፈቀደ ቦታ ካገኙም በጥቂቱ ይብቃዎት፤ ሌሎቹን ፎቶ አንስተው ያስቀምጧቸው። ከእርስዎ በኋላ የሚመጣ ልጅም የማግኘት ደስታ ይገባዋል።

ከትዊን ፖይንትስ እስከ ጎልድ ሮክ

ይህ መስመር ልምድ ላለው ቀዛፊ ነው፤ ደርሶ መልሱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ያልቀዘፈ ሰው ከስፕሊት ሮክ የመብራት ማማ ፓርክ ውስጥ ተነስቶ የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ማየት ይችላል፤ ለፓርኩ የመኪና ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከትዊን ፖይንትስ የጀልባ ማስገቢያ ሲነሱ ጎንዎ ያለው አዮናስ ቢች ነው። ጠጠሩ ሮዝ ነው፤ አጠገቡ ካለው የራዮላይት ገደል እየተሰበረ የመጣ። ሞገዱ ሲመለስ ድንጋዮቹ እየተጋጩ ያንቃጭላሉ፤ ሲያልፉ መቅዘፍዎን አቁመው ያዳምጡ። ቦታው በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ከዚህ ምንም አይነሳም።

ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲቀጥሉ የስፕሊት ሮክ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበትን ያገኛሉ። ኖቬምበር 28 ቀን 1905 የተነሳው ማዕበል ዊልያም ኤደንቦርን የተባለውን መርከብ ዳርቻው ላይ የጣለው እዚህ ነው። ኤደንቦርን ማዴይራ የምትባል 133 ሜትር የምትረዝም የብረት ጀልባ ይጎትት ነበር። ሌሊቱን ገመዱ ተቆረጠ፤ ማዴይራ ሞተር ስላልነበራት ማዕበሉ ወደፈለገበት ወሰዳት። በዚያው ማዕበል ዱሉዝ ወደብ አፍ ላይ ማታፋ የተባለችው መርከብ ተሰብራ፣ የከተማው ሰው ዳር ቆሞ እያየ፣ ዘጠኝ ሰዎች ሞተውባታል። በአጠቃላይ ወደ 29 የሚሆኑ መርከቦች ተጎዱ ወይም ጠፉ።

ከወንዙ አልፈው ኮረንደም ፖይንትን ዞረው በትልቁ ገደል ሥር ሲደርሱ፣ ቀና ሲሉ፣ የስፕሊት ሮክ የመብራት ማማ ይታያል። ገደሉ 40 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ኮንግረስ ለማማው 75,000 ዶላር የመደበው ከዚያ ማዕበል በኋላ፣ በ1907 ነው፤ መብራቱ በ1910 በራ፣ በ1969 ከአገልግሎት ወጣ። እዚህ ከገደሉ ቢያንስ 30 ሜትር ርቀው ይቅዘፉ። ሞገድ ገደሉን መትቶ ሲመለስ ከሚመጣው ጋር ይጋጫል፤ ውሃው በሁሉም አቅጣጫ ይዘላል። መውጫ የለም።

ከማማው ትንሽ አለፍ ሲሉ ጎልድ ሮክ ነው። ማዴይራ የተጋጨችው ከዚህ ገደል ጋር ነው፤ ገና ሳይነጋ፣ በበረዶ ውሽንፍር። ፍሬድ ቤንሰን የተባለ መርከበኛ ገመድ ይዞ ከመርከቧ ወደ አለቱ ዘለለ፤ 18 ሜትር የሚሆነውን የበረደ ገደል ወጥቶ ገመዱን ለጓደኞቹ አወረደላቸው። ከአሥሩ ዘጠኙ ተረፉ፤ የካፒቴኑ ረዳት ከመርከቧ ጋር ሰመጠ። ጀልባዎን ከገደሉ ራቅ አድርገው ቆመው ያንን አለት ከታች ወደ ላይ ይመልከቱት። በጸጥተኛ ቀን፣ በብርሃን፣ በደረቅ ድንጋይ እንኳ እጅ የሚይዝበት ቦታ ለማግኘት ያስቸግራል።

ማዴይራ ለሃምሳ ዓመት ከገደሉ ሥር ተረስታ ቆይታ በ1955 ጠላቂዎች አገኟት። ተሰባብራ ከገደሉ ሥር እስከ 30 ሜትር ጥልቀት ድረስ ተበትናለች፤ ከካያክ የሚታዩት ወደ ገደሉ የቀረቡት ክፍሎች ናቸው። ኢሊ ላይ የእንጨት መስመር ፈልገው ነበር፤ እዚህ የሚፈልጉት የተቀደደ የብረት ሰሌዳ ነው፣ ቡናማ፣ ጠርዙ የታጠፈ፣ ከፈዛዛው አለት ላይ የሚለይ። በቅዳሜና እሑድ ጠላቂዎች ይኖራሉ። ነጭ ሰያፍ መስመር ያለበት ቀይ ባንዲራ ካዩ ከሥሩ ሰው አለ ማለት ነው፤ ርቀው ይዙሩ፣ ተራዎን ይጠብቁ።

ሲመለሱ ለማረፍ ከወጡ ካያኩን ከሚመስልዎ በላይ ከፍ አድርገው ይጎትቱት፤ እንጨት ወይም ትልቅ ድንጋይ ላይም ይሰሩት። የሐይቁ ውሃ ሩቅ ባለ ንፋስና የአየር ግፊት ለውጥ ምክንያት ያለ ሞገድም ከፍ ዝቅ ይላል። ምሳ በልተው ሲነሱ ጀልባዎ ሄዶ እንዳያገኙት።

መርከቡና ሕጉ

ከሰመጠ መርከብ ምስማርም ቢሆን አይወሰድም። በ1988 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ የተተዉ የሰመጡ መርከቦችን ለየግዛቶቹ ሰጥቷል፤ ኢሊም ማዴይራም በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ከ1992 ጀምሮ ይገኛሉ። በመልሕቅ ወይም በመቅዘፊያ አይንኳቸው፤ ገመድም አይሰሩባቸው። ሞገድ አንዳንድ ጊዜ የመርከብ እንጨት ወደ ጠጠሩ ያወጣል፤ ትልልቅ የብረት ምስማሮች ያሉበት ወፍራም ሳንቃ ካጋጠመዎት ባለበት ይተዉት። ከጎኑ መጠኑን የሚያሳይ ነገር አድርገው ፎቶ ያንሡት፣ ቦታውን በስልክዎ ካርታ ላይ ይመዝግቡና ለሚኒሶታ የታሪክ ማኅበር ይላኩ። ቀጣዩ ማዕበል መልሶ ሊወስደው ስለሚችል ያንኑ ቀን ማታ ቢልኩት ይሻላል።

ከመነሳትዎ በፊት ካያኩን ገልብጠው ውሃውን በሙሉ ያፍስሱ፤ የተለጠፈ ተክልና ጭቃ ካለ ያንሡ። ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ወራሪ ዝርያዎችን ማጓጓዝ በሚኒሶታ ያስቀጣል። በቀጣዩ ሳምንት እቤትዎ አጠገብ ባለ ሌላ ሐይቅ የሚወጡ ከሆነ ጀልባውና ዌትሱቱ ጨርሰው ይድረቁ።